«አቁሚ» ያልኳት ረቡዕ

ሰው የሚሳሳተው ሲቸኩል ይመስለኝ ነበር። እኔ የዕድሜዬን ትልቁን ሞኝነት የሠራሁት ተደላድዬ ተቀምጬ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ ሻዬን ፉት እያልኩ ነው። ረቡዕ ጠዋት ነበር። ቤቴ በር ላይ ካለችው ዛፍ ጥላ ሥር ሆኜ አንዲት ሴት የሰጠችኝን የመድኃኒት ወረቀት አነበብኩና «አቁሚው» አልኳት።

በቃ፣ ይህቺው ናት ጥፋቴ። አንድ ቃል።

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ዑስማን እባላለሁ። ሀርጌሳ ተወልጄ ድሬዳዋ አደግሁ፤ እዚያው ተምሬ እዚያው ሠላሳ ምናምን ዓመት የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማርኩ። ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ ሳፊያ «አቦ፣ ከእንግዲህ ዘመድ መሀል እንግባ» ብላ ወደ ሀርጌሳ መለሰችኝ። ይዤ የመጣሁት ሀብት ሦስት ቋንቋና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ወንበሩን በር ላይ አወጣሁት፤ ቋንቋዎቹ የቀረውን ሠሩ። ከኢትዮጵያ መጥተው እዚህ የሚሠሩ ሰዎች የኪራይ ውላቸውን፣ የሐኪም ወረቀታቸውን፣ የመድኃኒት ካርቶናቸውን እያመጡ «ቲቸር፣ ይቺን ያንብቡልኝ» ይሉኛል። ሐኪም ቤትም አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ። ዋጋ አልጠይቅም። ዋጋዬ «ቲቸር ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» ሲሉኝ የሚሰማኝ ነገር ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ደረቴን ነፍቶት ነበር። ሳፊያ «ይሄ ሰውዬ ትንሽ ከቆየ ቀዶ ሕክምና ይጀምራል» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ብዙም አልራቀችም።

ሴትዮዋ ሙሉ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ከሀርጌሳ ዳር፣ አያሃ በሚባል ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ከተማ እየመጣች በየቤቱ ልብስ ታጥባለች። የሳንባዋ ደም ሥር ግፊት አለበት። አዲስ አበባ የልብ ሐኪም መርምሮ መድኃኒት አዘዘላት፤ ሁለት ዓመት ሳታጓድል ወስዳለች። ከመድኃኒቱ በፊት ሦስት ደረጃ ወጥታ ትቀመጥ ነበር አሉ። እኔ ሳውቃት እርጥብ ልብስ የሞላ ባልዲ ይዛ ፎቅ ትወጣለች። ያን ረቡዕ የመጣችው ካርቶኑ ስለተለወጠባት ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ የድሮው ነው ወይስ ሌላ ሰጥተውኝ ነው?»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ። «ያው ነው» ብዬ መሸኘት ነበረብኝ። የተጠየቅኩት እሱን ብቻ ነው። ዓይኔ ግን ዝቅ ብሎ አንድ መስመር ላይ አረፈ። መድኃኒቱ የካልሲየም መግቢያ የሚዘጋ ዓይነት ነው ይላል።

ካልሲየም! ልጆች በወላጆቻቸው ይምላሉ፣ እኔ በካልሲየም ብምል አይፈረድብኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ካልሲየም፦ ለአጥንትና ለጥርስ ጥንካሬ» ብዬ ጽፌ፣ በቀይ ጠመኔ አስምሬበታለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ፋብሪካ ይህንኑ ካልሲየሜን ዘጋሁ ብሎ ወረቀት ያትማል።

«ሙሉ፣ ጉልበትሽን ያምሻል?»

«ልብስ አጣቢን ጉልበቷን ካላመማት ምኗን ያማታል ቲቸር?»

«ጥርስሽስ?»

«አንዷን ባለፈው ዓመት አስነቅያታለሁ።»

«አየሽ!» አልኩ፣ ጭኔን መትቼ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ካልሲየምሽን ሲዘጋብሽ ኖሯል። ሰው አይነግርሽም! አቁሚው። የግመል ወተት ጠጪ፣ አጥንትሽ ይጠገን። ሳፊያ! እስቲ ያንቺን የካልሲየም እንክብል ወዲህ በይ።»

ሳፊያ እንክብሉን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «አቦ፣ ሐኪሟ ይጠየቅ እንጂ።»

«ሐኪሟ አዲስ አበባ ነው፤ አጥንቷ ግን እዚህ ነው» አልኳት። በአባባሌ ራሴ ሳቅሁ። ከኔ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ሙሉ መድኃኒቱን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ሥር ከተተችው። «እንዳሉ ቲቸር» ብላኝ ሄደች።

ዓርብ ወደ አምስት ሰዓት ላይ ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ለጁምዓ ልወጣ ስል አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ በሶማሊኛ ጮኸ፤ «ያንተ ሰው ናት መሰለኝ፤ ወደ ቲቸር ቤት ብላኝ ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።» ሙሉ የኋላው ወንበር ላይ ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። የአንገቷ ሥር ገመድ አክሎ ተወጥሯል። እኔን ስታይ ቀና ለማለት ሞከረች።

«ቲቸር... አየር... አጣሁ።»

ሳፊያ ከኋላዬ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሮጣ መጣች። አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት በአርባ ሁለት ዓመት ትዳር አላውቀውም ነበር። «ግባ» አለችኝ። ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ሐኪም ቤቱ ለሠፈራችን ቅርብ ነው። ተረኛዋ ዶክተር ሆዳን የምትባል ወጣት ናት፤ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜላታለሁ፤ የሙሉንም ሕመም ታውቃለች። አማርኛ አታውቅም። ሙሉን እንዳየች ጥያቄ ሳታበዛ አልጋ ላይ አስተኛቻት፣ የኦክስጅን ጭንብል አደረገችላት፣ ከዚያ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ደረቷ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ማየት ጀመረች። ፊቷ ተለወጠ።

«አዴር» አለችኝ። ሶማሊኛ ላይ «አጎቴ» እንደማለት ነው፤ አክብሮቱ እዚያች ቃል ውስጥ ስላለ ከዚያ በኋላ አንተ ብትባል አትቀየምም። «የልቧ ቀኝ ክፍል እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ወደ ሳንባዋ ደም መግፋት አቅቶታል። ጠይቃት፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ነበር?»

ወደ ሙሉ ዞርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ማል አትበሉኝ እንጂ፣ ነገሩን ከረቡዕ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። ጥያቄውን በአማርኛ ስናገረው ነው ጆሮዬ የሰማው።

«ሙሉ፣ መድኃኒትሽን... እየወሰድሽ ነበር?»

ዓይኗን ገለጠች። ጥያቄው የገረማት ትመስላለች።

«እርስዎ አይደሉ... አቁሚ ያሉኝ? ረቡዕ... አቆምኩ። ወተቱንም... ጠጣሁ ቲቸር።»

የቤት ሥራውን ሠርቶ እንደመጣ ተማሪ ነበር የነገረችኝ።

«ምን አለች?» አለች ዶክተር ሆዳን።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዳኛውም ምስክሩም ተከሳሹም እኔ፤ አስተርጓሚውም እኔ። እንዲህ ያለ ችሎት ለሌባ አይሰጥም።

«እየወሰድኩ ነው አለች» አልኩ።

ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ውሸት ለልጅ እንኳ የሚያስከብር ነገር አይደለም።

«እርግጠኛ ናት? አንድም ቀን አላቋረጠችም?»

«አላቋረጠችም።»

ዶክተሯ ለነርሷ ፈጠን ብላ መናገር ጀመረች። ከዚያ ወደኔ ዞራ አስረዳችኝ። «መድኃኒቱን እየወሰደች በድንገት እንዲህ ከሆነች፣ የረጋ ደም ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የረጋውን የሚያሟሟ መርፌ አለ። ግን አደገኛ ነው፤ አንጎሏ ውስጥ ሊያደማት ይችላል። ሌላ ምክንያት ካላገኘሁ ምርጫ የለኝም። ንገራትና ፈቃዷን ጠይቅልኝ።»

ነርሷ የብልቃጡን ክዳን ስታነሳ አያለሁ። ጎንበስ አልኩ፤ ጭንብሉ ውስጥ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሙሉ... መርፌ ሊወጉሽ ነው። ጭንቅላት ውስጥ... ደም ሊያፈስ ይችላል ትላለች። ፈቃድሽን ነው የሚጠይቁት።»

አንዴ ነርሷን፣ አንዴ እኔን አየች።

«እርስዎ... ይሁን ካሉ... እሺ ቲቸር።»

እዚህ ላይ የአልጋውን ብረት ጨበጥኩ። ሰው በመሳሪያ ቢያስፈራራኝ ያን ያህል የምደነግጥ አይመስለኝም። ያቺ ሴት ሁለተኛ ጊዜ ነፍሷን እጄ ላይ ማስቀመጧ ነበር፤ የመጀመሪያውን ምን እንዳደረግሁት ገና ሳይጣራ።

«ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ፣ በሶማሊኛ። «ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። አቋርጣለች። ረቡዕ ነው ያቆመችው። እኔ ነኝ አቁሚ ያልኳት።»

ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። ዶክተር ሆዳን ብልቃጡን ከነርሷ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለምን?»

«ካልሲየሟን ይዘጋል ይላል ወረቀቱ። እኔ አጥንቷን...»

«አጥንቷን» አለች። ድምጿን አላነሳችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አዴር፣ እጅህን አምጣ። ጣቴን ጨብጥ።»

አመልካች ጣቷን ጨበጥኩ።

«በሳንባዋ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ደም ሥሮች ዙሪያቸው ጡንቻ ነው። እንደ ክንድህ ጡንቻ አይታዘዝህም፤ ለራሱ ነው የሚሠራው። በእያንዳንዱ የጡንቻ ሴል ላይ ትንንሽ በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት ካልሲየም ይገባል፤ ሴሉ ውስጥ የተከማቸም አለ፣ እሱም ይለቀቃል። ያ ካልሲየም ነው ጡንቻውን ጨብጥ የሚለው። አጥብቀህ ጨብጥ። ይኸው፣ ደም ሥሯ ጠበበ። ካልሲየሙ ሲወጣ ይላላል። የሷ ችግር ጡንቻው መላላት እምቢ ማለቱ ነው። መድኃኒቱ በሯ ላይ ቆሞ ካልሲየሙ እንዳይጎርፍ ይከለክላል። ሁለት ዓመት የቆመውን ዘበኛ ረቡዕ ዕለት በድንገት አነሳህባት።»

«አጥንቷስ?»

«የአጥንቷን ካልሲየም ማን ነካው? በደሟ ያለውም ልክ ነው፤ ወሩን ሙሉ ወተት ብትጠጣ የሳንባዋ ሥር ጉዳዩ አይደለም። ሌላ ደግሞ ልንገርህ፤ የሌላው ሰውነት ደም ሥር ኦክስጅን ሲያጥረው ይከፈታል። የሳንባ ግን ሲያጥረው ይጨመደዳል። ስለዚህ ባነሳት ቁጥር ይብስ ይጠብባል፣ ይብስ ሲጠብ ይብስ ያንሳታል። ኦክስጅኑን ያደረግሁላት ለዚህ ነው። አሁን ጣቴን ልቀቅ፣ አሳመምከኝ።»

ለካ አሁንም ጨብጬዋለሁ።

«የድሮውን መድኃኒት አሁን ብንሰጣትስ?»

«ልቧ በደከመበት በዚህ ሰዓት የሰውነቷን ግፊት ሊጥለው ይችላል። ሌላ አለ። እሱ በሩ ላይ አይቆምም፤ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ካልሲየሙ እንዲቀንስ፣ ጡንቻው እንዲላላ ያግዛል። ሲልዴናፊል ይባላል። ሰማያዊው እንክብል። ሽማግሌዎች ለመኝታ ቤት ጉዳይ የሚያውቁት።»

ነርሷ ፊቷን አዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እዚህ አልቆብናል» ቀጠለች ዶክተሯ። «ፋርማሲዎቹ ደግሞ...» ስልኳን አንስታ ሦስት ቦታ ደወለች። የሚያነሳ የለም። ዓርብ ነው፣ ከተማው ሁሉ ወደ ጁምዓ ሄዷል፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ፈልጌ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ፤ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ሙሉ ለደረት ውጋት ከምላስ ሥር የሚደረግ እንክብል ትወስድ እንደሆነ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተወሰዱ ይገድላሉ አለች። ሙሉን ጠየቅኳት። «አልወስድም» አለች። «አልወስድም አለች» አልኩ። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አንድ ፊደል አልቀነስኩም። በሕይወቴ የተረጎምኩት የመጀመሪያው ንጹሕ ዓረፍተ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወጣሁ። ባጃጅ የለም። ነጭ ልብሴን በአንድ እጄ ሰብስቤ መሮጥ ጀመርኩ። ሮጥኩ ስል፣ አንድ ፍየል ቀድማኝ ሄዳለች። የሠፈራችን ፋርማሲ ደረስኩ፤ የብረቱ መዝጊያ ወርዷል። ቢሆንም ደበደብኩት። መስጊዱ ውስጥ ድምጽ ማጉያው ኹጥባውን፣ የዓርቡን ስብከት፣ ጀምሯል። ባለፋርማሲው እዚያ ውስጥ ከመቶዎች መሀል ተቀምጧል፤ በኹጥባ ሰዓት ደግሞ ሰው አይናገርም፣ አይነጋገርም። እንዴት አድርጌ በጥቅሻ ነው የምነግረው? ያውም እንዲህ ያለ ነገር?

«ምን ሆነህ ነው የሰው በር የምትደበድበው?»

ሐጂ ኑር ነው፣ የፋርማሲው ጎረቤት። ወገቡን ስለሚያመው ዘግይቶ ነው የሚወጣው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ መስጊድ ውስጥ ስልኩ የጮኸበትን ሰው ሳምንት ሙሉ አያናግርም። ምርኩዙን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሐጂ፣ አንዲት ሴት እየሞተችብኝ ነው። መድኃኒት ፈልጌ ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

ጠጋ አልኩ። ነገርኩት።

ሐጂ ኑር ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ።

«ለሴት?»

«ለሴት። ለሳንባዋ።»

«ለሳንባ?»

«ወላሂ ለሳንባዋ። ዶክተር ሆዳን ናት የላከችኝ።»

ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ። ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር። ኹጥባው ይቀጥላል፣ እኔ ደግሞ የሙሉን ትንፋሽ በልቤ እቆጥራለሁ። ምርኩዙን እየተመረኮዘ ሲመለስ እጁ ውስጥ በጋዜጣ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ካርቶኑም አለ፣ ወረቀቱም አለ፤ ሁለት ፍሬ ቀርቷል።

«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ለወገቤ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። ሂድ!»

ዶክተሯ ማሸጊያውን አገላብጣ አየች፣ ቀኑን አነበበች፣ መጠኑን አስልታ ቆረጠችው። ለሙሉ ሰጠቻት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጁምዓዬ አምልጦኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰገድኩ። ምን ብዬ እንደለመንኩ የኔና የፈጣሪ ነው። ሳፊያ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነርሷ ጠራችኝ። የሙሉ ከንፈር መልኩ ተመልሷል። ትንፋሿ ረጋ ብሏል። ዶክተሯ ስክሪኑን አይታ «ገና ነው፣ ግን ተመለሰች» አለች። አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ ደጋግሜ።

ሙሉ ጭንብሉን ትንሽ ገለጥ አድርጋ «ቲቸር፣ ቅድም ምን ብለዋት ነው እንደዚያ ያየችዎት?» አለችኝ።

አሁንም መሸሻ ነበረኝ። አማርኛ የሚሰማ የለም። ግን ሳፊያ እግርጌው ላይ ቆማለች፣ እሷ ደግሞ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ መድኃኒቱ ልክ እንደነበረ፣ የጎዳኋት እኔ እንደሆንኩ፣ ከዚያም ለማዳን ሲሞክሩ እየዋሸሁ መርፌ ላስወጋት እንደነበር።

ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ደሴ ልጅ አለችኝ» አለች በመጨረሻ። «አሥር ዓመቷ ነው። ለሷ ምን ብለው ይነግሯት ነበር ቲቸር?»

ጭንብሏን መልሼ አደረግሁላት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ወንበሬ በር ላይ አለ። ሳፊያ ልታነሳው ፈልጋ ነበር፤ ሙሉ ናት ያስተወቻት። ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሌላ ነው። አንድ ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ የተጻፈውን አነባለሁ፤ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ሲለኝ «እኔ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ ሐኪምህን ጠይቅ» እላለሁ። አንዳንዱ «እኚህ ሽማግሌ ጃጁ» እያለ ይሄዳል። ይሁን። ካልሲየሙን የሚዘጋውን የዚያን መድኃኒት ስም እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ እኔን የመሰለ ሌላ አዋቂ አንብቦት ሌላ ሙሉን «አቁሚ» እንዳይል። እናንተም መድኃኒት ማቆም ሲያምራችሁ፣ የጎረቤት እንክብል መዋጥም ሲያምራችሁ፣ አንዲት ዶክተር አጠገባችሁ መቆሟን አረጋግጡ።

የሚያስደነግጠኝ ያለማወቄ ብቻ አይደለም። የማውቀው ነገር ልክ ነበር! ካልሲየም ለአጥንት ነው፤ ማንም ይመስክር። ያው ካልሲየም ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ እንዳለው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት በቀይ ጠመኔ ያሰመርኩባት ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ሙሉን ልትገድልብኝ የነበረው።

ሙሉ ሦስት ሳምንት ቤታችን ተኛች፤ ሳፊያ እኔን ከመኝታ ቤቴ አባራ አልጋዬን ሰጠቻት፣ ተገቢም ነበር። ዛሬ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች። አልፎ አልፎ በበራችን ስታልፍ ባልዲዋን አስቀምጣ «ቲቸር፣ ዛሬስ ምን ላቁም?» ትለኛለች። ሠፈሩ ሁሉ ይስቃል። የመጀመሪያውን ጊዜ ስትለኝ ግን እኔ አልሳቅሁም፤ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ያልተወራረደ አንድ ነገር ግን አለብኝ። የሐጂ ኑርን ሁለት ፍሬ መተካት ነበረብኝ። ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ፤ እንዴት አድርጌ እንደምሰጠው ነው የጠፋኝ። ቤቱ ብሄድ ሚስቱ ናት በር የምትከፍተው። መስጊድ ውስጥ እንዳላቀብለው መስጊድ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ሰው አለ። ባለፈው ዓርብ ከሶላት ስንወጣ ጫማዬን ሳደርግ አጠገቤ ቆመ። እጄን ያዝ አድርጎ፣ ወደ ሰማይ እያየ፣ «ያቺ ሴት ደህና ሆነች?» አለኝ።

«አልሃምዱሊላህ፣ በደንብ ትተነፍሳለች።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ። እጄን ሳይለቅ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ሁለት ነበሩ» ብሎኝ ምርኩዙን እየመታ ሄደ።